አሥራ አንድ ዓመት የቆመች ላንድክሩዘር፦ መጀመሪያ መዶሻ ይዘህ ከሥሯ ግባ

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ አባታችን ትተውልን ያለፉት አጭር ላንድክሩዘር አለ። ናፍጣ ናት። ሊብሬው ላይ የተሠራችበት ዘመን እ.ኤ.አ. 1978 ይላል። ግቢያችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ቆማለች። በአነስተኛ ገንዘብ አድሼ ልይዛት እፈልጋለሁ። ያሰብኩት ሞተሩን አውጥቼ የሚኒባስ ሞተር ልገጥምላት፣ ሙሉ በሙሉ ፈታትቼ ቀለም ላስቀባትና በስድስት ወር ልጨርስ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ‹መጀመሪያ በአይሱዙ ጎትተን እናስነሳት› ይላል። ከየት ልጀምር?»

ከመጎተቱ ልጀምር፤ ምክንያቱም ይህን መልስ ሳታነበው ልታደርጉት ትችላላችሁ። አታድርጉት። ሞተር ለዓመታት ሲቆም ዘይቱ ተንሸራቶ ወደ ታች ይወርዳል። የሲሊንደሩ ግድግዳ ይደርቃል፣ ዝገት ይይዛል። የፒስተን ቀለበቶቹ ከግድግዳው ጋር ይጣበቃሉ። ቴስታታው (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ብረት) ላይ ስንጥቅ ካለ ወይም ጓርኒሲዮኑ (በመሃል ያለው ማሸጊያ) ከተበላ ደግሞ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ሊኖር ይችላል። ውሃ አይታመቅም። በዚህ ላይ አይሱዙ ሲጎትታት የሚታጠፈው የፒስተኑ ክንድ ነው። ሊድን የነበረ ሞተር በአንድ ደቂቃ ብረታ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ የባሰም አለ። በናፍጣ ፖምፓው ውስጥ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የነዳጅ መጠን የሚወስን ቀጭን ዘንግ አለ። ለዓመታት የተኛ ናፍጣ እንደ ሙጫ ይሆንና ይህን ዘንግ ያለበት ቦታ ላይ ያጣብቀዋል። የተጣበቀው ብዙ ነዳጅ በሚሰጥበት በኩል ከሆነ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ራሱን እስኪሰብር ድረስ ይጮኻል። ቁልፍ ብታጠፋ አይሰማህም። የናፍጣ ሞተር በካንዴላ እሳት አይሠራም፤ የሚቆመው ነዳጅ ወይም አየር ሲያጣ ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁልፍ በምታዞርበት ቀን የአየር ማጣሪያውን አውልቅ። አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን አፍ ሙሉ በሙሉ የሚከድን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ አጠገቡ ይቁም። በእጁ መዳፍ አይሞክረው፤ የሚስብበት ኃይል እጅ ይጎዳል።

ትክክለኛው አነሳስ ቀስ ያለ ነው። ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈታ። በየቀዳዳው ሁለት ሦስት ማንኪያ ንጹህ ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅለህ አፍስስና ሳምንት ተዋት። እስከዚያው የዘይቱን ቡሽ በጣም ቀስ ብለህ ላላ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ጥቂት ጠብታ የደብረ ብርሃን ብርድ የሠራው ላብ ሊሆን ይችላል። ግማሽ ኩባያ ከወጣ ግን ቴስታታው ሳይከፈት አታስነሳት። ከሳምንቱ በኋላ ማርሹን አውጥተህ፣ ከሞተሩ ፊት ያለውን የፑሌጃ ትልቅ ዳዶ በረጅም ቁልፍ ይዘህ በእጅህ ወደፊት አዙር። እምቢ ካለች አትታገላት፤ እንደገና ቀባና ጠብቅ። ሁለት ሙሉ ዙር ያለ ጥርጥር ከዞረች ትልቁን ፈተና አለፈች። ከዚያ አሮጌውን ናፍጣ እስከ መጨረሻው ጠብታ አፍስስ፣ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) አሳጥብ፣ ማጣሪያ ቀይር፣ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጣ። ሞተሪኖ (ማስነሻውን) የምትነካው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሞተር ቅያሬው። ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል፣ ብዙውም የሚጠይቀኝ ሞተሩን ገና ሳያስመረምር ነው። ኮፈኑን ክፈትና ከጋቢናው ፊት ያለውን የብረት ሰሌዳ አንብብ። ኤፍጄ የሚል ከሆነ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ነው። ኤችጄ ከሆነ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ። ያንተ በገለጽካት መሠረት ቢጄ40 መሆን አለባት። 2,977 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 80 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ያለው ሞተር። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ውስጡ ኮምፒውተር የለም፣ ሴንሰር የለም። ናፍጣ የሚያውቅ መካኒክ ሁሉ ይከፍተዋል።

«ጥቁር ጭስ ትተፋ ነበር፣ ሞተሩ አልቋል» የሚልህም አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ላይ ካለው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። ፖምፓው ለቆላ የተለካውን ያህል ናፍጣ ሲልክ አየሩ ለማቃጠል አይበቃም፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ይሆናል። ይህ በፖምፓ ቤት በልኬት የሚስተካከል ነገር ነው። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። ሞቃ ነጭ ጭሷ ካልቆመም እንደዚሁ። ለመፍረድ የአራቱን ሲሊንደር ግፊት አስለካ። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑ ሞተሩን ተወው።

የሚኒባስ ሞተር ስትገጥም የምትገዛው ሞተር ብቻ አይደለም። የላንድክሩዘሯ የፊትና የኋላ ኃይል ማከፋፈያ ሳጥን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ በቀጥታ ተጣብቆ የሚታሰር ነው። የሚኒባሱ ካምቢዮ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። መሃል የሚገባ ብረት በቶርኖ መሠራት አለበት። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው እግሮች ተቆርጠው እንደገና ይበየዳሉ። ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው የካርዳኑ ዘንግ ርዝመት ይቀየራል፣ ራዲያተሩና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይቀየራሉ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም ይቀየራል፤ ይህ ደግሞ በመንገድ ትራንስፖርት በኩል ማስፈቀድ ይፈልጋል። ሁሉም ተሳክቶ ብታልቅ እንኳ ፍሬኗ ያው የድሮው ነው። ስለዚህ አትቀይር። የምቀይርልህ ብሎኩ ከተሰነጠቀ ብቻ ነው፤ ያኔም ከዚያው ቤተሰብ የሆነውን 3ቢ ፈልግ። 3,431 ሲሲ ነው፣ ከአሁኑ ጋር ዘመድ ስለሆነ ብዙ መቆራረጥ አይጠይቅም።

ታዲያ ገንዘብህን የሚበላው ምንድን ነው? ሻንሲና ላሜራ። የአሮጌ መኪና ዕድሜ የሚለካው ከሥር ነው።

ትንሽ መዶሻና አንድ ጠንካራ ካቻቢቴ ያዝ። መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንሥተህ ከሥሯ አትግባ፤ ከሻንሲዋ ሥር የታመነ ድጋፍ አስገባ። ከዚያ ከፊት ጀምረህ ሻንሲውን በየአንድ ስንዝሩ ምታው። ደህና ብረት እንደ ደወል ይጮኻል። የተበላው ድፍን፣ የሞተ ድምፅ ይሰጥሃል፤ እንደ እርጥብ እንጨት። ድምፁ በሞተበት ቦታ ካቻቢቴውን ተጫን። ከገባ ቀዳዳ አለህ ማለት ነው። አራት ቦታ ላይ ጊዜ ወስደህ ፈትሽ፦ ባሌስትራዎቹ (መኪናዋን የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) የሚታሰሩባቸው ጆሮዎች፣ ከኋላ መጨረሻ ያለው ተሻጋሪ ብረት፣ አካሉ በሻንሲው ላይ የሚቀመጥባቸው እግሮች፣ እና ብረት በብረት ላይ ተደርቦ የተበየደበት ሁሉ። በድርቡ መሃል ጭቃ ይገባል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ቀለሙ ከላይ ምንም ሳይሆን ውስጡ ብስኩት ሆኖ አይቻለሁ።

አንድ ጥሩ ዜና አለህ። የደጋ መኪና የባሕር ጨው አይነካትም። ወደብ አካባቢ ስትሠራ ከኖረች መኪና ጋር አትወዳደርም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ሥር ነው የቆመችው። ቅጠሉ ከፊት መስታወት ግርጌ ባለው የአየር ማስገቢያ ይገባል፣ ይበሰብሳል፣ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ከእግር ማረፊያው በላይ ያለውን ጥግ እጅህን አስገብተህ ዳስስ። ጎማዎቿ አፈር ውስጥ ከሰመጡ ደግሞ ከሥር ያለው እርጥበት አሥራ አንድ ክረምት ሠርቷል ማለት ነው።

ስትፈትሽ ከፊት በቀኝ በኩል ሻንሲው ጎን ላይ የተቀረጸ ቁጥር ታገኛለህ። በሞላ (በመፍጫ ድንጋይ) ወይም በሽቦ ብሩሽ መፋቂያ እንዳትነካው። በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ብቻ አጽዳው፣ ፎቶ አንሣው፣ ግራሶ ቀባው። በድንጋይ የተፋቀ የሻንሲ ቁጥር ያላት መኪና ምርመራ ላይ የተሰረቀች ትመስላለች፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ መከራ ነው።

ወረቀቱን ባነሣህ አይቀር፣ «ትተውልን» ብለሃል። ስለዚህ ወራሾቹ ከአንድ በላይ ናችሁ። የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጡ። ወንድምና እህቶችህ ድርሻቸውን በጽሑፍ ይልቀቁልህ ወይም ተስማሙ። ስም ይዛወር። ቦሎ ሳይታደስ ስለቆየችባቸው ዓመታት ምን እንደሚጠበቅብህም ሄደህ ጠይቅ። ይህ ሁሉ አንድ ብሎን ሳይፈታ ማለቅ አለበት። በ2016 ዓ.ም የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና የሚፈልግ ሰው በዝቷል። ዛሬ «ብረት ናት፣ ውሰዳት» ያለ ወንድም ታድሳ ሲያያት ሐሳቡ ሊለወጥ ይችላል። መኪና ቤተሰብ ሲያጣላ አይቻለሁና ነው የምለምንህ።

«ሙሉ በሙሉ ልፈታታት» ያልከው ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። በወጣትነቴ አንዲት ላንድክሩዘር እንዲሁ ፈታትቼ ነበር። ብሎኖቹን በጣሳ፣ ሽቦዎቹን በማዳበሪያ አደረግኩ። ገንዘቡ አለቀ፣ ሥራ በዛ፣ ዓመት አለፈ። ስመለስ የትኛው ዳዶ የየቱ እንደሆነ አላስታውስም ነበር። በመጨረሻ በቁርጥራጭ ተሸጠች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ተፈታትታ የቀረች መኪና ዋጋ የላትም፣ ገዢም አታገኝም። የምትንከባለል መኪና ግን ሥራው ቢቋረጥም መኪና ናት። ስለዚህ አንድ ክፍል ፍታ፣ ሥራ፣ መልሰህ ግጠም፣ ወደሚቀጥለው ሂድ።

ቅደም ተከተሉ ከፍሬን ይጀምራል። አራቱንም ጎማ አውልቅ። በዚያ ዘመን በተሠራች መኪና የፊት ፍሬኑ ዲስክም ታምቡርም ሊሆን ይችላል፤ እይና እወቅ። የፍሬን ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለው ጎሚኒ ደርቋል፣ ፒስተኖቹም ዝገው ተይዘዋል ብለህ አስብ። ማስተሩን፣ ሲሊንደሮቹን፣ የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይር። የብረት ቱቦዎቹን በጣትህ እየዳሰስክ ተከተል፤ የሻከረውን ጣል። ማስጠንቀቂያ፦ የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ጋራዥ ውስጥ እንደተለመደው በኮምፕሬሰር አታስነፋው። አቧራው ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በውሃ አርሰህ በጨርቅ ጥረግና ጨርቁን በፌስታል ቋጥረህ ጣል።

ፊት እግሯ ላይ ሳለህ ከጎማው ጀርባ ያለውን ትልቅ የብረት ኳስ ተመልከት። በጣትህ ጥረገው። ስስ የግራሶ ፊልም ካለበት ደህና ነው። ጥቁር ሾርባ የሚመስል ነገር የሚንጠባጠብ ከሆነ ውስጥ ያለው የዘይት ማገጃ አልቋል፤ የዲፍረንሻል ዘይት ገብቶ ግራሶውን አቅጥኖታል ማለት ነው። ያኔ ኳሱ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ማገጃዎቹና ኩሽኔታዎቹ ታይተው፣ በአዲስ ግራሶ ይሞላል። ሥራው ቆሻሻና አድካሚ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። በዚህ መኪና ላይ ራስህ ልትማረው የምትችል አንድ ሥራ ምረጥ ብትለኝ ይህን እመርጥልሃለሁ።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። እነዚህ የናፍጣ ላንድክሩዘሮች 12 ቮልትም 24 ቮልትም አሉ። ሁለት ባትሪ ስላየህ 24 ነው ብለህ እንዳትደመድም። ሞተሪኖው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ፣ ከዚያ ዕቃ ግዛ። ሽቦውን አይጥ በልቶት ከሆነ በአስቸኳይ ቴፕ አትጠቅልል፤ ያ ቦታ በፊውዝ አዲስ ሽቦ ይዘርጋ። ጎማዎቹም ጥርሳቸው ቢያምር እንኳ አይበቁህም። ጎን ላይ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 3412 ካለ በ2012 እ.ኤ.አ. በሠላሳ አራተኛው ሳምንት የተመረተ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ግቢ ውስጥ ለመግፋት ብቻ ነው የሚሆነው።

አሁን ላሜራ። የዚህች መኪና ትልቁ በረከት ጠፍጣፋነቷ ነው። ወለሏ፣ የኋላ ጎኗ፣ ፓራፋንጎዋ ብዙም ጠመዝማዛ የላቸውም። የኛ ላሜራ ሠራተኞች በመዶሻና በመቀስ ቁጭ ብለው ሊሠሩት የሚችሉት ቅርጽ ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ተቆጣጠር። አንደኛ፣ የበሩ ሥር ያለው ብረት ሲቆረጥ አካሉ ይላላል፣ በሩም ቦታውን ይስታል። በሮቹ ተዘግተው፣ በበሩ መክፈቻ ውስጥ አግድም ብረት በጊዜያዊነት ተበይዶ ነው የሚቆረጠው። ይህን ያላደረገ ሠራተኛ የሠራትን መኪና አይቻለሁ፤ በሯ ሁለት ጣት ያህል አልገጥም ብሎ ቀረ። ሁለተኛ፣ ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚለሰነው ልስን) ጉድጓድ መሙያ አይደለም። ቀዳዳው በብረት ይደፈን፣ በአንቲረስት ይቀባ፣ ስቱኮው ሽፋኑን ለማስተካከል ብቻ ስስ ሆኖ ይምጣ። ሲጨርስ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ጎኗ ላይ አንሸራትት። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ብቻ ነው፤ በሁለተኛው ክረምት ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምነግርህ አለ። በዚያ ዘመን በተሠራ አጭር ላንድክሩዘር ላይ የነዳጅ ሰልባትዮው ብዙ ጊዜ ጋቢና ውስጥ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። ወለል የሚበየደው ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። አውጡት፤ ከግቢው አርቁት። የባትሪውን ገመድም ንቀሉ። ሰልባትዮው ራሱ ከተቀደደ «ባዶ ነው» ብሎ የሚበይድ ሰው እጅ እንዳትሰጠው። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉ ይልቅ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስትወርድ አሮጌውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ውረድ። በስም ብቻ አትግዛ፤ አስለካ፣ አመሳስል። ያገለገለ ግን ኦሪጅናል የሆነ ካምቢዮ ወይም ዲፍረንሻል ከአዲስ ኮፒ ይሻለኛል። ፍሬን፣ ጎሚኒና ኩሽኔታ ግን አዲስ ብቻ። ቶዮታ ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. እንደ ቢጄ40 ላሉት «40» ለሚባሉት የላንድክሩዘር ሞዴሎች የተቋረጡ ዕቃዎችን እንደገና ለማምረት መወሰኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ ውጭ ዘመድ ካለህ እንደ ጎሚኒና የጥገና ኪት ያሉ ቀላል ዕቃዎችን በሻንጣ ማስመጣት ይቻላል። የዕቃውን ቁጥር በትክክል ጽፈህ ላክ።

ስድስት ወር አይበቃህም። ቅዳሜና እሑድ የሚሠራ ሰው ዓመት ተኩል ይያዝ። ገንዘብህን ደግሞ ሦስት ቦታ ክፈለው። አንዱ እንድትንከባለልና እንድትቆም፤ ሞተር፣ ፍሬን፣ ጎማ። ሁለተኛው ለላሜራና ቀለም። ሦስተኛውን ሲሶ አትንካው፤ አሁን ያላየኸው ነገር ይበላዋል። በሁለቱ ሲሶ የማትጨርሳት ከመሰለህ አትጀምር። ብትጨርሳትም ፈጣን መኪና አትጠብቅ። በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ታስጨንቅሃለች፣ ባሌስትራዋ ይነርታል፣ ጋቢናዋ ይጮኻል። የወንበር ቀበቶ ከሌላት አስገጥም፣ ማሰሪያውም ከጤነኛ ብረት ጋር ይሁን።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይኸው። የባሌስትራ ጆሮዎቹ ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ቦታ ካቻቢቴው ከገባ፣ አታድሳት፤ ሙሉ እንደሆነች ዕቃ ለሚፈልግ ሰው ሽጣት። ሻንሲው ከጮኸልህ ግን ያዛት። በራሷ ሞተር፣ ሳትፈታታት፣ ከፍሬን ጀምረህ፣ ቀለምን መጨረሻ አድርገህ።

መጀመሪያ በግቢ ንዳት፤ ከዚያ በከተማዋ ውስጥ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል። ተመልሰህ ዳዶዎቹን ሁሉ አጥብቅ፣ ዘይት ቀይር፣ የፍሬን ታምቡሮቹን በእጅህ እየዳሰስክ ከሌሎቹ ይልቅ የጋለውን ለይ። አንድ ጎማ ብቻ የሚግል ከሆነ የፍሬን ሲሊንደሩ አልተመለሰም ማለት ነው። አራቱም እኩል እስኪሆኑ ድረስ ጣርማበርን እንዳትወርድባት። የወረድህ ዕለትም በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬኑን እየረገጥክ እየለቀቅክ ውረድ።